ሰባት ባለቤት ያየ አውሮፕላን ያው ራሱ ነው ወይ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሙዚየም ውስጥ ዲሲ-3 የሚባል ባለሁለት ሞተር አሮጌ አውሮፕላን አየሁ። አጠገቡ ያለው ጽሑፍ በ1942 ተሠርቶ ከጦር ሠራዊት ወደ አየር መንገድ፣ ከዚያ ወደ ጭነት ድርጅት፣ ከዚያ ወደ ግለሰብ እያለ ሰባት ባለቤት እንዳየ ይናገራል። አስጎብኚው ደግሞ ሞተሩም፣ ጎማውም፣ ብዙው ላሜራም ተቀይሯል አለን። ታዲያ ያው አውሮፕላን ነው ይባላል? ይህን ያህል ባለቤትስ ለምን ይቀያይራል? የተጻፈው እውነት መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?»

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ያው ራሱ ነው፤ ወረቀቱ ካልተቋረጠ። ረጅሙን ለማንበብ ተመቻችተው ይቀመጡ። እኔ በአውሮፕላን ጥገና፣ በተለይ በጥገና መዝገብ ላይ ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ወረቀት ሳወራ ብዙ ጊዜ አልቆምም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንለይ። መኪና ገዝቶ ሸጦ የሚያውቅ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ታርጋ አለ፣ የሻንሲ ቁጥር አለ። ታርጋ ይፈታል፣ በሌላ ይተካል። የሻንሲ ቁጥር ግን ከመኪናው ጋር ተወልዶ ከመኪናው ጋር ይሞታል። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። ጭራው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ታርጋው ነው። በኤን ከጀመረ የአሜሪካ፣ በጂ ከጀመረ የእንግሊዝ፣ በኢቲ ከጀመረ የኢትዮጵያ። በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አንድ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ በሁለት አገር ሊመዘገብ አይችልም ይላል። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መዛወር ግን ይችላል። ስለዚህ ድንበር በተሻገረ ቁጥር የድሮው ይሰረዛል፣ አዲሱ ይቀባል። አምስት አገር የዞረ አውሮፕላን አምስት ስም ይኖረዋል ማለት ነው።

የሻንሲው ቁጥር ቦታ የሚይዘው ፋብሪካው የሰጠው ተከታታይ ቁጥር ነው። ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ከሠሪው ስምና ከሞዴሉ ጋር ይቀረጻል። የአሜሪካ ሕግ ይህች ሳህን እሳት የማይበላት እንድትሆን ያስገድዳል። አውሮፕላኑ ተቃጥሎ አመድ ቢሆን እንኳ ማን እንደነበረ ይታወቅ ነው ነገሩ። ያለ ፈቃድ መንቀልም መለወጥም ክልክል ነው። ወታደር ቤት የገባ አውሮፕላን ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር አለው፤ የሠራዊቱን። ወደዚህ ሦስተኛ ቁጥር በኋላ እመለሳለሁ፤ የሙዚየሙ ጽሑፍ ላይ ያለችውን «1942» የጠረጠርኩት በእሱ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሕይወቱ እንግባ።

ዲሲ-3 ሲወለድ የቅንጦት ዕቃ ነበር። መጀመሪያ የበረረው ዲሴምበር 17 ቀን 1935 ሳንታ ሞኒካ፣ ካሊፎርኒያ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ መንገደኛ ሌሊት ተኝቶ የሚሄድበት አውሮፕላን ፈለገ፤ የዶናልድ ዳግላስ ፋብሪካ ሠራለት። የመጀመሪያው ዓይነት 14 አልጋ ነበረው። አልጋው ወጥቶ ወንበር ሲገባ 21 ሰው ጫነ። አየር መንገዶች በተሳፋሪ ብቻ ማትረፍ የቻሉት በዚህ አውሮፕላን ነው ይባላል፤ እውነትም ከዚያ በፊት የፖስታ ጭነት ባይኖር ብዙዎቹ አይቆሙም ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ቁጥሩም ሌላ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ10,000 በላይ ተሠራ። ከነዚህ ውስጥ ከመጀመሪያው ለሲቪል ተብለው የተሠሩት 600 ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት ለጦር ሠራዊት የተሠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሲ-47፣ እንግሊዞች «ዳኮታ» ያሏቸው። ሶቭየት ኅብረትና ጃፓንም ፈቃድ ገዝተው የየራሳቸውን ሠርተዋል። እንግዲህ ያሰሉት፦ የትም ቦታ «ዲሲ-3» ተብሎ የቆመ አውሮፕላን ካዩ ዕድሉ ወደ ወታደሩ ያደላል። ምልክቱ ቀላል ነው። በግራ በኩል፣ ከክንፉ ኋላ ጂፕ የሚያስገባ ትልቅ ባለሁለት መዝጊያ በር ካለው ሲ-47 ነበር። ወለሉም ጭነት እንዲችል የተጠናከረ ነው። በኋላ ወንበር ተገጥሞለት፣ መጋረጃ ተሰቅሎለት «ዲሲ-3» ተባለ እንጂ አፈጣጠሩ የጭነት ነው።

ስለዚህ የሰባቱ ባለቤቶች የመጀመሪያው ጦር ሠራዊት መሆኑ አያስገርምም። ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲ-47 ሥራ ፈቱ። መንግሥታት ከአዲሱ ዋጋ በጣም ባነሰ ሸጧቸው። የዛሬዎቹ ስመ ጥር አየር መንገዶች ብዙዎቹ ሥራ የጀመሩት በዚህ ትርፍ ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው የመጀመሪያ በረራ በሲ-47 ነበር። የሆንግ ኮንጉ ካቴይ ፓሲፊክም በዚያው ዓመት ሲመሠረት የመጀመሪያ አውሮፕላኑ «ቤትሲ» የምትባል በ1942 የተሠራች ሲ-47 ነበረች። ቤትሲ በ1950ዎቹ ተሸጠች፤ አውስትራሊያና ፓፑዋ ኒው ጊኒ ስትሠራ ኖረች። በ1983 ያው አየር መንገድ ፈልጎ መልሶ ገዛት። ዛሬ ሆንግ ኮንግ የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅላለች። ሸጦ መልሶ የሚገዛ ባለቤት ብዙ አይገጥምም። እኔ ያየሁት ሁሉ ሸጦ ሲቆጨው ነው።

ባለቤት የሚቀያየረው ለምንድን ነው ላሉት፣ ነገሩ ሒሳብ ነው። አውሮፕላን ሲያረጅ ወዲያው አይጣልም፤ አንድ ደረጃ ይወርዳል። አዲስ አውሮፕላን መግዣው ውድ ነው፤ ነዳጁና ጥገናው ግን ከሚያስገባው አንጻር ይቀላል። አሮጌው ተቃራኒው ነው። መግዣው ርካሽ፣ መያዣው ውድ። ዲሲ-3 በሰዓት ወደ 350 ሊትር ገደማ የአቪዬሽን ቤንዚን ይጠጣል። በቀን አሥር ሰዓት የሚያበር ትልቅ አየር መንገድ ይሄን አይችለውም፤ በሳምንት አምስት ሰዓት የሚያበር ትንሽ ድርጅት ግን መግዣውን ካቃለለለት ይችለዋል። አራት ሞተር ያላቸውና ከፍ ብለው የሚበሩት ሲመጡ ትልልቆቹ ዲሲ-3ን ለትንንሾቹ ሸጡ። ትንንሾቹ ተርቦፕሮፕ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን የጄት ዓይነት ሞተር የሚያዞረው አውሮፕላን፣ ሲገዙ ለጭነት ድርጅት ሸጡ። ጭነት ድርጅቱ ለፀረ ተባይ ረጪ፣ ለዓሣ አመላላሽ፣ ለፓራሹት ዘላዮች ሸጠ። መጨረሻ ላይ የሆነ አየር ማረፊያ ጥግ ሣር በቅሎበት ይቆማል። አንዱ ክንፉን ለመለዋወጫ ይጠይቃል፣ ሌላው ሙሉውን ለትዝታ ይገዛዋል።

እያንዳንዱ ባለቤት ሰውነቱ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ከወረቀቱ ቀጥሎ የምወደው ይሄን ማንበብ ነው። የተደፈነ መስኮት ካለ ጭነት ሠርቷል። ወለሉ ላይ በመደዳ የወንበር ሐዲድ ብሎን ቀዳዳ ካለ ተሳፋሪ ጭኗል። ክንፉ ሥር ቧንቧ የተሰቀለበት ቀዳዳ ከተገኘ ረጪ ነበር፤ ያን ጊዜ ኬሚካሉ የት የት እንደገባ መፈለግ ነው። ዓሣ የጫነ ከሆነ ደግሞ እግዚአብሔር ይርዳው። ጨዋማው ውሃ በወለሉ ስንጥቅ ወርዶ ሆዱ ውስጥ ይተኛል። ከላይ ሲያዩት ያበራል፤ ወለሉን ሲገልጡት አልሙኒየሙ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ይላጣል።

«ሁሉም ተቀይሯል» የሚለውን የአስጎብኚውን ንግግር በአንድ አውሮፕላን ላሳይዎ። ጭራው ላይ ኤን 21728 የተጻፈበት ዲሲ-3 አለ፤ የሚያውቁት «728» ይሉታል። በ1939 ኢስተርን አየር መንገድ ገባ። በ1952 ኖርዝ ሴንትራል ለሚባል ሌላ አየር መንገድ ተሸጠ። በ1965 ከመደበኛ በረራ ወጣ፤ ከዚያ የኩባንያው እንግዶች ማመላለሻ ሆነ። በ1975 ለሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ተሰጠ፤ ዛሬም ሚሺጋን ውስጥ አለ። ይሄ አውሮፕላን ከ83,000 ሰዓት በላይ በሯል። አንድም ጊዜ መሬት ሳይነካ ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ዓመት ተኩል አየር ላይ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ 136 ሞተር፣ 550 ዋና ጎማና 25,000 ካንዴላ እንደጨረሰ ይነገርለታል። በሙያ ዓይን ካዩት ቁጥሩ አይጋነንም። ሁለት ሞተር ስለሆነ ሰዓቱን በሁለት አባዝተው ለ136 ያካፍሉት። አንዱ ሞተር በአማካይ 1,200 ሰዓት ገደማ ሠርቶ ወርዷል ማለት ነው። የዚያ ዘመን ፒስተን ሞተር ለሙሉ ዕድሳት የሚወርደው በዚያው አካባቢ ነው። እንዲያውም መዝገቡን ሳላይ በጥሩ ሁኔታ ተይዟል እላለሁ።

ሞተር መቀየሩ ማንነቱን አይነካም። ሞተር የራሱ ቁጥር፣ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ ባለቤት ሊኖረው የሚችል ዕቃ ነው። በ2001 ኬፕታውን ላይ የተፈረመው ስምምነት እንኳ በትልልቅ ሞተሮች ላይ ያለን የገንዘብ መብት ከአውሮፕላኑ አካል ለይቶ ነው የሚያስመዘግበው። ዛሬ እዚህ ክንፍ ላይ ያለው ሞተር ተፈትቶ፣ ታድሶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አውሮፕላን ላይ ይገጠማል። ጎማና ካንዴላማ ምኑ ይነሳል። የጭራው መሪና የክንፉ ጫፍ መቅዘፊያዎች ደግሞ ዲሲ-3 ላይ ጨርቅ ለባሽ ናቸው። አዎ፣ ጨርቅ። በየተወሰነ ዓመት ይገፈፍና አዲስ ይለብሳሉ። የሣር ጣሪያው በየጊዜው የሚታደስ ጎጆ ቤት አያውቁም? ሣሩ ይቀየራል፣ ጭቃው እንደገና ይለሰናል፤ ምሰሶው ግን ያው ነው፣ ቤቱም የዚያው ሰው ቤት ነው። የዲሲ-3 ምሰሶ መሀለኛው የክንፍ ክፍልና ከሱ ጋር የተያያዘው አካል ነው። የማንነት ክርክር የሚነሳው እሱ ከሌላ አውሮፕላን ሲመጣ ብቻ ነው።

ታዲያ ያ ምሰሶ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለ? ዋናው ምክንያት ዲሲ-3 አየር የማይነፋ መሆኑ ነው። የዛሬ ጄት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ውስጡ እንደ ኳስ ይነፋል፣ ሲወርድ ይተነፍሳል። ይሄ መነፋትና መተንፈስ ላሜራውን ያደክመዋል። ኤፕሪል 28 ቀን 1988 ሃዋይ ላይ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የጣሪያው ትልቅ ክፍል በአየር ላይ ተገንጥሎ ሄደ። ያ አውሮፕላን ገና 19 ዓመቱ ነበር። ግን በደሴቶች መካከል አጭር አጭር በረራ ስለሚያደርግ 89,680 ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። በዚያ ላይ የባሕር ዳር ዝገት ነበር። ዲሲ-3 ውስጡና ውጪው እኩል ግፊት ስላለው ይሄ ሸክም የለበትም። ተሳፋሪው ጆሮው ይዘጋል እንጂ ላሜራው አይጎዳም። ሁለተኛው ምክንያት ክንፉ ነው። ሸክሙ በአንድ ምሰሶ ላይ ሳይሆን በብዙ ክፍልፋይ ላይ የተከፋፈለ ስለሆነ አንድ ቦታ ቢሰነጠቅ ሌላው ይሸከማል። መሐንዲሶቹ በዚያ ዘመን ብረቱ ምን ያህል እንደሚችል በኮምፒውተር አያሰሉም፤ ሲጠራጠሩ ያወፍሩታል። የእነሱ ጥርጣሬ ለእኛ ዕድሜ ሆነ።

እንዲህ ስል ግን አሮጌ ሁሉ ጠንካራ ነው እያልኩ አይደለም። የውጪው ክንፍ ከመሀለኛው ጋር የሚገናኝበት በብሎን የተደረደረ መስመር አለ፤ እሱ በየጊዜው እየተፈታ፣ በራጅ እየታየ ስንጥቅ ይፈለግበታል። ኦገስት 4 ቀን 2018 ስዊዘርላንድ ተራሮች ውስጥ በ1939 የተሠራ ዩ-52 የሚባል ባለሦስት ሞተር አውሮፕላን ወድቆ 20 ሰው አልቋል። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት አብራሪዎቹ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብለው አደገኛ በረራ ማድረጋቸው ነው አሉ። ግን ስብርባሪውን ሲመረምሩ ማንም ያላያቸው ዝገትና ስንጥቆችም አገኙ። አደጋውን ያመጡት እነሱ አይደሉም፤ ቢሆንም እዚያ ተቀምጠው ነበር። ያንን ሪፖርት ሳነብ የከበደኝ ይሄ ነው።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ።

እያንዳንዱ አውሮፕላን ሎግቡክ አለው። አካሉ አንድ፣ እያንዳንዱ ሞተር አንድ፣ እያንዳንዱ ፕሮፔለር አንድ። የበረረው ሰዓት፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የተጠገነው ስንጥቅ፣ ሠርቶ የፈረመው ሰው የፈቃድ ቁጥር፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ሰው ሎግቡክን እንደ ደረሰኝ ያየዋል። እኔ እንደ ዘር ሐረግ ነው የማየው። እጅ ጽሕፈቱ ሲቀየር ባለቤት ተቀይሯል። ቀለሙ ሲቀየር ሃንጋር፣ ማለትም የሚጠገንበት መጠለያ፣ ተቀይሯል። ሁለት ዓመት ምንም ካልተጻፈበት ወይ ቆሞ ነበር፣ ወይ መጻፍ የማይፈልጉት ሥራ ይሠራ ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ገዢ አሮጌ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን እንድመረምርለት ጠራኝ። የሻጩን ስም አልጠራም። አውሮፕላኑ ሲያዩት ሙሽራ ነው። ቀለሙ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ። መዝገቡን አምጡ አልኩ፤ ሦስት ሎግቡክ መጣ። አገላበጥኩ። አንዱ ገጽ ላይ አካሉ ይህን ያህል ሰዓት በሯል ይላል፤ ቀጥሎ ያለው መዝገብ የሚጀምረው ከ11 ዓመት በኋላ ነው፤ የሰዓቱ ቁጥር ግን ከቀድሞው ያነሰ ነው። ያነሰ! አውሮፕላን ወጣት እየሆነ ሄዷል። የመሀሉስ ብል «ጎርፍ ወሰደው» አሉኝ። ጎርፍ ሁልጊዜ መሀለኛውን መዝገብ ብቻ መርጦ የሚወስደው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ባትሪ ይዤ የጎማው መግቢያ፣ ማለትም ጎማው ሲታጠፍ የሚገባበት ጉድጓድ፣ ውስጥ ተንበርክኬ ገባሁ። ቀለም ቀቢ እዚያ አይደርስም፤ ዘይትና አቧራ ስላለበት ይተወዋል። ቅባቱን በጨርቅ ስጠርገው አረንጓዴ የፋብሪካ ቀለም ወጣ፤ በላዩ ላይ ግማሹ የጠፋ ቁጥር በማኅተም ተመቶበታል። መጨረሻው ሁለት አሃዝ ሳህኗ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ሳህኗ ከአንዱ፣ አካሉ ከሌላው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ገዢው ወንበሩን እያሻሸ «ግን እንዴት ያምራል» ይለኛል። አልገዛም። ሌላ ሰው እንደገዛው በኋላ ሰማሁ።

ወረቀት ያልተቋረጠ ሲሆን ምን እንደሚሠራ ደግሞ በሌላ አውሮፕላን ይታያል። የሠራዊት ቁጥሩ 42-92847 ነው። ኦክላሆማ ሲቲ ተሠርቶ በ1944 መጀመሪያ ተረከቡት። ልብ ይበሉ፦ ቁጥሩ በ42 ይጀምራል፤ የተሠራው ግን በ1944 ነው። ያቺ 42 የበጀት ዓመቷ ናት፤ ገንዘቡ የተመደበበት እንጂ አውሮፕላኑ የተሠራበት አይደለም። የእርስዎን የሙዚየም ጽሑፍ የጠረጠርኩት ለዚህ ነው። 1942 ያለው ሰው ይህችን ቁጥር አይቶ ሊሆን ይችላል። ቤትሲን የመሰሉ በእውነት በ1942 የተሠሩም አሉ፤ እንደ ስህተት ግን ይሄ በብዛት የሚታይ ነው።

ያ 42-92847 ጁን 6 ቀን 1944 ወደ ኖርማንዲ ፓራሹተኛ ጭነው የሄዱትን ከ800 በላይ ሲ-47 የመራው አውሮፕላን ነው። አብራሪው ጆን ዶናልሰን ነበሩ። አፍንጫው ላይ «በቃ፣ ይሄው ነው ወንድሜ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተጽፎበታል፤ ለሂትለር የተላከ መልእክት ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካ ተመልሶ እንደ ማንኛውም ትርፍ ዕቃ ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የገዛው ሁሉ የገዛው ሲ-47 ነው፤ ታሪክ መግዛቱን አንዱም አያውቅም። ቀለሙ ተደጋግሞ ተቀየረ፤ አንድ ጊዜማ የቬትናም ጦርነት አውሮፕላን አስመስለው ቀብተውታል። መጨረሻ ላይ ኦሽኮሽ፣ ዊስኮንሲን ባዝለር የሚባል ድርጅት ግቢ ገባ። ባዝለር አሮጌ ዲሲ-3 ገዝቶ አካሉን ከክንፉ ፊት አንድ ሜትር ያህል ያስረዝማል፤ ፒስተን ሞተሩን አውጥቶ ተርቦፕሮፕ ያስገባል፤ ከዚያ አንታርክቲካ ድረስ የሚሠራ አዲስ ዕቃ አድርጎ ይሸጠዋል። ሥራቸው ግሩም ነው፣ አልወቅሳቸውም። ግን እዚያ ወረፋ የያዘ አውሮፕላን ተቆርጦ ሌላ ነገር ይሆናል።

ያዳነው ወረቀት ነው። ማት ስኬልስ የሚባሉ የአሜሪካ አየር ኃይል የታሪክ ተመራማሪ የዶናልሰንን ታሪክ ሲያጠኑ የአውሮፕላኑን የሠራዊት ቁጥር ያዙ። ቁጥሩን ይዘው ወደ ሲቪሉ መዝገብ ተሻገሩ። ከታርጋ ወደ ታርጋ፣ ከሽያጭ ውል ወደ ሽያጭ ውል ሲከተሉት ኦሽኮሽ ደረሱ። አሮጌ አውሮፕላኖችን የሚያበር አንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2015 በበይነ መረብ ገንዘብ ሲያሰባስብ ሰዉ ከ300,000 ዶላር በላይ አዋጣ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2018 እንደገና በረረ። በ2019 የ75ኛው ዓመት መታሰቢያ ላይ ኖርማንዲ ሰማይ ላይ ነበር። ቢቆራርጡት ኖሮ ማንም ሳያውቅ ያልፍ ነበር፤ ምክንያቱም ብረቱ ከሌላው ብረት በምንም አይለይም። ቁጥሩ ብቻ ነው የሚለየው።

በነገራችን ላይ ባለቤት የቀያየረው አውሮፕላኑ ብቻ አይደለም። ሠሪውም ተሽጧል። ዳግላስ በ1967 ከማክዶኔል ጋር ተዋሐደ፤ ማክዶኔል ዳግላስ በ1997 ቦይንግ ውስጥ ገባ። ዛሬ ስለ ዲሲ-3 አንድ የፋብሪካ ጥያቄ ቢኖርዎ የሚጽፉት ለቦይንግ ነው። ልጁ ከአባቱ በላይ ኖሯል።

ሞተሩ አሁንም ይነሳል ወይ ብለው ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሙዚየም ውስጥ ሲያዩ ደስ ይልዎታል። በሲ-47 ክንፍ ላይ ያሉት ፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት አላቸው። 14 ሲሊንደራቸው ክብ ሠርቶ ዙሪያውን ተደርድሯል። ስለዚህ የታችኞቹ ሲሊንደሮች አናታቸው ወደ መሬት ነው። ቆሞ ሲያድር ዘይት እየተንጠባጠበ እነሱ ውስጥ ይሞላል። ዘይት አይጨመቅም። ሳያዩ ቁልፍ ቢጠመዝዙ ፒስተኑን የያዘው ብረት ይጣመማል። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰው ፕሮፔለሩን በእጅ ይዞ ቅጠሉን እየቆጠረ በቀስታ ሲያዞር የሚያዩት። እጅ ላይ ድንገት እንቢ ካለ ይቆማሉ፤ የታችኛውን ካንዴላ ፈትተው ዘይቱን ያፈሳሉ። ከሥሩ ዘይት ያልፈሰሰበት እንዲህ ያለ ሞተር ካዩ ተደስተው አይለፉ፤ ዘይት አለው ወይ ብለው ይጠይቁ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ፤ ማጣራት ከፈለጉ እንዲህ ያድርጉ። ሙዚየሙን የፋብሪካ ቁጥሩንና የሠራዊት ቁጥሩን ይጠይቁ። ኦክላሆማ ሲቲ ከተሠራ ሁለት የፋብሪካ ቁጥር በእዝባር ተለይቶ ሊነግሩዎት ይችላሉ፤ አይደንግጡ፣ የብዙዎቹ እንደዚያ ነው። የሠራዊቱን ዘመን የሚያሳየው ካርድ አላባማ፣ ማክስዌል በሚገኘው የአሜሪካ አየር ኃይል የታሪክ ምርምር ተቋም አለ፤ መቼ ተረከቡት፣ የት ላኩት፣ መቼ ከመዝገብ ወጣ የሚለውን በምሕጻር ይነግርዎታል። አንድ ቀን እንኳ የአሜሪካ ታርጋ ይዞ ከሆነ ደግሞ የሽያጭ ውሎቹና የትልልቅ ጥገና ቅጾቹ ፋይል ኦክላሆማ ሲቲ፣ በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መዝገብ ቤት ይገኛል፤ ጠይቆ ቅጂ ማግኘት ይቻላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ካርዱ ላይ ያለው ከሠራዊት የወጣበት ቀንና የመጀመሪያው የሽያጭ ውል ቀን ከተቀራረቡ ጥሩ ነው። ዓመታት ከተራራቁ መሀል ላይ ሌላ አገር ወይም ሌላ ባለቤት አለ፤ ሰባቱ ስምንት ይሆናሉ ማለት ነው።

ወረቀት መጠየቅ ካሳፈረዎ ደግሞ በሚቀጥለው ሲሄዱ ትንሽ ባትሪ ይያዙ። አስጎብኚውን ያስፈቅዱና የጎማውን መግቢያ ቀና ብለው ይዩ።